የማንም ያልሆነ ቻናል ጠባቂዎች

በአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ውስጥ በአንድ ማሸጊያ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሸጡ ዎኪ-ቶኪዎች አሉ። ገዢው ባትሪ ይከታል፣ አንዱን ለልጁ ይሰጣል፣ ሬዲዮው ሲከፈት ባገኘው ቻናል ላይ ማውራት ይጀምራል። ፈቃድ የጠየቀው የለም፤ ስሙን የመዘገበም የለም። ያ ቻናል ግን ባለቤት ባይኖረውም ባዶ አይደለም። በዚያው ሞገድ የሰፈር የአደጋ ጊዜ ቡድን ይለማመድበታል፤ የግንባታ ሠራተኞች ዕቃ ያስወጡበታል፣ ያስወርዱበታል፤ ከኮረብታ ላይ ደግሞ አንድ ጡረተኛ በራሱ ገንዘብ የተከለው፣ ሪፒተር የሚባል ድምፅ አስተጋቢ ጣቢያ ቀን ከሌት ያዳምጣል። እነዚህ ሁሉ እርስ በርስ እንዳይጠላለፉ ለአሥርት ዓመታት ሲደክሙ የኖሩት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለ እነሱ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው አንቴና ይዞ ረብሸኛ የሚያድን ሰው ነው። ታሪካቸውን ላየው ግን ረብሸኛ ከያዙበት ሥራ ይልቅ ረብሻው ሳይፈጠር ደንቡን፣ መሣሪያውንና ልማዱን ያስተካከሉበት ሥራ እጅግ ይበልጣል።

ጉዳዩ የሚያጠነጥነው በሁለት አገልግሎቶች ላይ ነው። አንደኛው የቤተሰብ ሬዲዮ፣ በአጭሩ ኤፍአርኤስ የሚባለው ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ኃይሉም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ጂኤምአርኤስ ይባላል። ለዚህ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ሁሉም በሚያውቀው ስሙ ከኤፍሲሲ፣ ፈቃድ ይወጣል። ፈተና የለውም፤ ከ2022 ጀምሮ ክፍያው 35 ዶላር ነው፤ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ የአንድ ሰው ፈቃድ ቤተሰቡን በሙሉ ይሸፍናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባለፈቃዱ በዋናዎቹ ቻናሎች ላይ እስከ 50 ዋት ኃይል መጠቀም፣ ሪፒተርም መትከል ይችላል። ችግሩ ሁለቱም የተሰጣቸው ሞገድ አንድ መሆኑ ነው፤ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት 22 ቻናሎች ለሁለቱም ናቸው። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ሽምግልና አብሮ እንደ መቀመጥ ያለ ነገር ነው፤ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚያወራ አለ፣ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ የተፈቀደለትም አለ፣ ከዛፉ ሥር ተነሥ የሚባል ግን የለም።

የዚህ የመጋራት ባህል ሥር ተራ ዜጎች ከሚነጋገሩበት ከሲቢ ሬዲዮ ይነሣል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የ27 ሜጋኸርዝ ሲቢ በ1958 ተከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ በቺካጎ አካባቢ ሪአክት የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተመሠረተ። የአባላቱ ሥራ እጅግ ቀላል፣ እጅግም አሰልቺ ነበር፦ በተራ ተቀምጦ ማዳመጥ። መንገድ ላይ መኪናው የቆመበት ወይም አደጋ ያየ አሽከርካሪ ቢጣራ ሰምተው ለፖሊስ ወይም ለአምቡላንስ ስልክ ይደውሉለታል። ኤፍሲሲ በኋላ ቻናል 9ን ለአስቸኳይ ጥሪና ለመንገደኛ እርዳታ ብቻ ሲለይ፣ ቻናሉን በተግባር ያስከበሩት እነዚሁ አድማጮች ናቸው። ቻናሉ ላይ ጨዋታ ለጀመረ ሰው በትሕትና «ይሄ የአስቸኳይ ጥሪ ነው፣ ሌላ ቻናል ላይ ሂዱ» ብሎ መንገር፣ ይህንንም ሳይሰለቹ በየቀኑ መደጋገም ነበር ጥበቃው። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጥቶ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ሲቢን ሲያጥለቀልቁት፣ ከዚያም ቻናሎቹ በ1977 ከ23 ወደ 40 ሲያድጉ፣ ጠባቂዎቹ በቁጥር የትም የማይደርሱ ነበሩ። ኤፍሲሲ ራሱ ብዛቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖ በ1983 ለሲቢ የግል ፈቃድ መስጠቱን ተወ። መንግሥት የተጠቃሚውን ስም እንኳ ባላወቀበት ቦታ ላይ የሕግ ማስከበር ወሬ ብዙም ትርጉም የለውም።

ጂኤምአርኤስ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ሪፒተር ስላለው፣ ሪፒተርም ገንዘብና ቦታ ስለሚፈልግ፣ ተጠቃሚዎቹ ቁጥራቸው ያነሰ፣ እርስ በርስም የሚተዋወቁ ነበሩ። ሪፒተር ማለት ከፍታ ላይ ተተክሎ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ በኃይል መልሶ የሚያሰማ ጣቢያ ነው። በ467 ይሰማል፣ በ462 ይናገራል። በመላ አገሪቱ ለዚህ የተመደቡት የፍሪኩዌንሲ ጥንዶች ስምንት ብቻ ናቸው። በአንድ ከተማ ዙሪያ ሃያ ሰው ሪፒተር መትከል ቢፈልግ ስምንቱን መጋራት ግድ ነው፤ የግል ድርጅቶች በሚጠቀሙባቸው ሞገዶች ላይ እንዳለው ያለ የሚመድብ አስተባባሪ አካልም እዚህ የለም። ሚሺጋን ግዛት አን አርበር ላይ የነበረ ፐርሰናል ሬዲዮ ስቲሪንግ ግሩፕ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ያንን ክፍተት የሞላው በየአካባቢው ያሉትን ሪፒተሮች ዘርዝሮ መመሪያ መጽሐፍ በማሳተም ነበር። ሪፒተር ሊተክል ያሰበ ሰው ገልጦ ያያል፤ ጎረቤቱ የያዘውን ጥንድ ትቶ ሌላውን ይመርጣል። ረብሻ የሚቀንሰው እንዲህ ባለ፣ ማንም የማያጨበጭብለት የጽሕፈት ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

ትልቁ ፍልሚያ የመጣው ሬዲዮ ሻክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሸቀጥ ኩባንያ ለተራው ቤተሰብ ፈቃድ የማይጠይቅ ሬዲዮ እንዲፈቀድ ኤፍሲሲን ሲጠይቅ ነው። የጠየቀው ሞገድ ጂኤምአርኤስ የሚሠራበትን ነበር። የቆዩት ተጠቃሚዎች ተቃወሙ። ገበያው ግን አሸነፈና ኤፍአርኤስ በ1996 ጸደቀ። ሆኖም ደንቡ የወጣበት መልክ የቆዩት ተጠቃሚዎች ስጋት ተሰምቶ እንደነበር ይመሰክራል። ኃይሉ ግማሽ ዋት ብቻ ሆነ። አንቴናው ከሬዲዮው ጋር የተጣበቀ፣ የማይፈታ እንዲሆን ታዘዘ፤ ይህም ሰው አውልቆ የጣሪያ አንቴና እንዳይሰካበት ነው። ቻናሎቹ 14 ሆኑ፤ ሁሉም በጂኤምአርኤስ ዋና ፍሪኩዌንሲዎች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ተሸጎጡ። ሰባቱ በ462 በኩል፣ ሰባቱ በ467 በኩል። የማይፈታ አንቴና በሚሊዮን በሚቆጠር ሬዲዮ ላይ ያለ ፖሊስ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ክስ ይሠራል። የትኛውም የረብሸኛ አዳኝ ቡድን የዚህን ያህል ረብሻ አስቀርቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ወደ ቁጥሮቹ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሚገባው እነሱ ላይ ነውና። ሁለት የሪፒተር መስሚያዎችን እንውሰድ፦ 467.550 እና 467.575። በመካከላቸው ልክ አጋማሹ ላይ፣ 467.5625 ላይ፣ ቻናል 8 ተቀምጧል። የጂኤምአርኤስ ድምፅ 20 ኪሎኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፒተር ጆሮ እስከ 467.560 ድረስ ተዘርግቷል። የቻናል 8 ድምፅ ደግሞ 12.5 ኪሎኸርዝ ያህል ስፋት ስላለው ከ467.556 ገደማ ይጀምራል። ወደ አራት ኪሎኸርዝ የሚጠጋ ክፍል ላይ ሁለቱ ይደራረባሉ ማለት ነው። በሜዳ ላይ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በግማሽ ዋት የሚያወራ ልጅ ለሪፒተሩ እንደሌለ ነው። ግን ያው ሬዲዮ የያዘ ተጓዥ ለእግር ጉዞ ወደ ተራራው ጫፍ ቢወጣስ? ሪፒተሩ የተተከለው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ከማማው ሥር ቆሞ «የት ደረሳችሁ?» ሲል፣ ከሩቅ በደከመ ድምፅ እርዳታ የሚጠራውን ሰው ሊሸፍነው ይችላል፤ ሪፒተሩም የሚያስተጋባው ድብልቁን ነው። ከቻናል 8 እስከ 14 ያሉት ዛሬም፣ ሌሎቹ ቻናሎች ኃይላቸው ከጨመረ በኋላ እንኳ፣ በግማሽ ዋት የታሰሩት ለዚህ ነው።

ከዚህ አንድ መለያ መስመር ይወጣል፤ በጎ ፈቃደኞቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ረብሻው ያለው በሪፒተሩ መናገሪያ በኩል ነው ወይስ በመስሚያው? በ462 በኩል፣ ለምሳሌ በቻናል 20 ላይ፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚያወራ የሱቅ ጠባቂ የሚረብሸው በአካባቢው ያሉትን አድማጮች ብቻ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ሰው ምንም አይሰማም። በ467 በኩል የገባ ረብሻ ግን ሪፒተሩ ራሱ ተቀብሎ አውራጃውን በሙሉ ያዳርሰዋል። የመጀመሪያው የጎረቤት ጉዳይ ነው፤ ሄዶ ማነጋገር ይበቃዋል። የሁለተኛው ምንጭ የት እንዳለ ሪፒተሩን በማዳመጥ አይታወቅም፤ ድምፁ የሚመጣው ሁልጊዜ ከተራራው ነውና። ስለዚህ ሬዲዮን ወደ መስሚያው ፍሪኩዌንሲ አዙሮ ምንጩን በቀጥታ መስማት ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ሪፒተር ሲያሳድድ ያድራል።

አሁን ደግሞ በዎኪ-ቶኪዎቹ ማሸጊያ ላይ የሚታየውን «የግላዊነት ኮድ» እንመልከት። ይህ ስያሜ ከማንም ረብሸኛ የበለጠ ጉዳት አድርሷል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ኮዱ ንግግርን አይሰውርም፤ ማንም ኮዱን አጥፍቶ ቢያዳምጥ ሁሉን ይሰማል። የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ሲናገሩ ከድምፁ ሥር ጆሮ የማይለየው ዝቅተኛ ቃና ይጨምራል፤ ተቀባዩ ሬዲዮም ያንን ቃና ካላገኘ ድምፅ ማውጫውን ዘግቶ ይቆያል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ኮድ ያደረገ ሰው ቻናሉ ላይ ሌላ ሰው እያወራ እንደሆነ አይሰማም፤ ዝም ያለ ይመስለውና ይጫናል። ሬዲዮዎቹ በሚጠቀሙበት በኤፍኤም ደግሞ ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ የተዋጠው ሰው ለምን መልስ እንዳጣ፣ የዋጠውም ሰው ምን እንዳደረገ አያውቁም። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። የበጎ ፈቃደኞቹ የማስተማር ሥራ አብዛኛው ይህቺን አንዲት ነገር ማስረዳት ነው፦ ከመናገርህ በፊት ኮዱን አጥፍተህ ስማ። ብዙ ሬዲዮዎች ለዚሁ ሲባል አንድ ቁልፍ አላቸው፤ እሱን ሲጫኑ የተዘጋው ድምፅ ማውጫ ይከፈታል። መመሪያ ወረቀቱን የሚያነብ ግን ማነው?

ቃናው በበጎ ሥራም ውሏል። በቻናል 20 ሞገድ፣ በ462.675 ላይ፣ 141.3 ኸርዝ ቃና ያለው ሪፒተር ለመንገደኛ ክፍት ነው የሚል የቆየ ልማድ አለ። ሕግ አይደለም፤ ማንም አላዘዘውም። ባለቤቶቹ ስለተስማሙበት ብቻ፣ ከማያውቀው ግዛት የገባ ሰው በዚያ ቃና ቢጣራ የሚመልስለት የማግኘት ዕድል አለው። ወደ ካናዳ ድንበር ሲጠጉ ደግሞ «ላይን ኤ» ከሚባለው መስመር በስተሰሜን ቻናል 19 እና 21ን ባለ ጂኤምአርኤሱ እንዳይጠቀም ተከልክሎ ቆይቷል፤ ወዲያ ማዶ ሌላ ተጠቃሚ ሊኖር ይችላልና።

የድንበር ነገር ከተነሣ የእኛንም ሰው የሚነካ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ፈቃድ ከአሜሪካ አይወጣም። አውሮፓ ለተመሳሳይ አገልግሎት የመደበው በ446 ሜጋኸርዝ ያሉትን 16 ቻናሎች ነው፤ ከዋሽንግተን የተገዛ ሬዲዮ ፍራንክፈርት ላይ ሲከፈት ያረፈው የሌላ አገልግሎት ሞገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ለሠርግ ወይም ለእርሻ ሥራ ይጠቅማል ብሎ ጥንዱን በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ሰውም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መሆኑን አስቀድሞ ማወቅና እሱን መጠየቅ ይበጀዋል።

አሁን ወደ አደኑ። ሆን ብሎ የሚያውክ ሰው አለ፤ ዘፈን የሚለቅ፣ የሚሳደብ፣ ሌሎች ሲያወሩ ቁልፉን ተጭኖ ዝም የሚል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 333 ሆን ብሎ ባለፈቃድ ጣቢያን ማወክ በግልጽ ይከለክላል። በጎ ፈቃደኞቹ ምንጩን የሚፈልጉት አቅጣጫ በሚለይ አንቴና ነው። ከሦስት ቦታ ላይ ሆነው ድምፁ የሚጎላበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ ያሰምራሉ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ይጠበባል። ሲቀርቡ ድምፁ ከየአቅጣጫው እኩል የጎላ ስለሚሆን ማዳከሚያ መሣሪያ በመሐል ያስገባሉ። መሣሪያ የሌለው ደግሞ የእጅ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ በዝግታ ይዞራል፤ ሰውነቱ ሞገዱን ስለሚጋርደው ድምፁ በጣም የደከመበት ጊዜ ምንጩ ከጀርባው ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቃናው፣ የተቀዳው ድምፅ ይመዘገባል። ከዚያስ? ከዚያ ለኤፍሲሲ ማመልከት ነው። ማመልከቻው የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ግን እየቀጨጨ መጥቷል፤ ኮሚሽኑ በ2015 ባጸደቀው ዕቅድ ከ24ቱ የመስክ ቢሮዎች 11 ያህሉን እንዲዘጋ ወስኗል። የቀሩት ባለሙያዎች ቅድሚያ የሚሰጡት ለአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሞገዶች ነው፤ ትክክልም ናቸው። የሰፈር ሪፒተር ተራው ሳይደርስ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ኮንግረስ በ1982 ባወጣው ማሻሻያ ኤፍሲሲ ተፈትነው ፈቃድ የሚያወጡትን የአማተር ሬዲዮና የሲቢ ተጠቃሚዎችን በጎ ፈቃድ ለክትትል ሥራ እንዲጠቀም ፈቅዷል። በአማተሮቹ በኩል ይህ ፍሬ አፍርቷል፤ ዛሬም ከኮሚሽኑ ጋር በስምምነት የሚሠሩ የሠለጠኑ ታዛቢዎች አሏቸው፤ ለአጥፊ ብቻ ሳይሆን በጥሩ ሥነ ምግባር ለሚሠራም ደብዳቤ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። ጂኤምአርኤስ እንዲህ ያለ መዋቅር የለውም። ስለዚህ የጂኤምአርኤሱ በጎ ፈቃደኛ ሥልጣኑ የማንኛውም ተራ ዜጋ ነው፦ ማዳመጥ፣ መመዝገብ፣ ማመልከት፣ በጨዋ ደንብ ማነጋገር። መልሶ ማወክ አይችልም፤ ራሱን የመንግሥት ሰው አስመስሎ ማስፈራራት አይችልም። በጎ ሐሳብ ብቻውን መከላከያ እንደማይሆን ያሳየ አንድ ጉዳይ አለ። በ2021 አይዳሆ ግዛት ውስጥ የደን ቃጠሎ ሲነሣ፣ የአማተር ፈቃድ ያለው አንድ ሰው በእሳት አጥፊዎቹ ፍሪኩዌንሲ ገብቶ ለአውሮፕላኖቹ መረጃ ሰጠ። ዓላማው መርዳት እንደነበር ተናግሯል። ኤፍሲሲ በቀጣዩ ዓመት የ34,000 ዶላር ቅጣት እንዲጣልበት ሐሳብ አቀረበ። ሥራ በበዛበት ሞገድ ላይ ያልተጠራ ረዳትና ረብሸኛ ለሚያዳምጠው ሰው አንድ ናቸው።

ስለዚህ ነው በ2017 የወጣውን የደንብ ማሻሻያ ከብዙ አደን አብልጬ የማየው። ከዚያ በፊት ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ መደብሮች ሁለቱን አገልግሎት ያዳበለ ሬዲዮ ሲሸጡ ነበር። ቻናል 15 እስከ 22 ላይ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ይህን የሚለው ጽሑፍ ግን በጥቃቅን ፊደል ከመመሪያው ውስጥ ተሸሽጓል፤ ፈቃዱን ያወጣም ጥቂት ነው። ሚሊዮኖች ሳያውቁት ሕግ የሚጥሱበት ደንብ ጠባቂዎቹንም ከንቱ ያደርጋል፤ ሁሉም አጥፊ ከሆነ ማንን ትከስሳለህ? ማሻሻያው እውነታውን ተቀበለ። ሃያ ሁለቱም ቻናሎች ለቤተሰብ ሬዲዮ ተከፈቱ፤ ከ8 እስከ 14 ካሉት በቀር ኃይሉ እስከ 2 ዋት ተፈቀደ፤ ሁለቱን ያዳበሉት ሬዲዮዎች ሽያጭ እንዲቆም ቀን ተቆረጠ። አንዳንድ ነባር ባለፈቃዶች ተሸነፍን አሉ። በእኔ ግምገማ ግን ከዚህ በኋላ የሪፒተሩ ጆሮ በሕግም በመሣሪያም ተጠብቆ ሲቆይ፣ ቀሪው ሁሉ በግልጽ የጋራ ሆነ። የቀረው ትልቅ ቀዳዳ በማንኛውም ፍሪኩዌንሲ እንዲናገሩ ተደርገው የሚሸጡት ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች ናቸው፤ ኤፍሲሲ በ2018 ስለ እነሱ ለሻጭና ለገዢ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

የሚገርመው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የስምንቱ ጥንዶች ትልቁ መጣበብ የመጣው ከልጆችም ከዋልጌም ሳይሆን ከራሳቸው ከአፍቃሪዎቹ ነው። አንዳንድ የሪፒተር ባለቤቶች ጣቢያዎቻቸውን በኢንተርኔት እያያዙ ትልልቅ መረብ ሠሩ። በአንድ ከተማ የተነገረ ሰላምታ በአሥር ከተማ ይሰማል፤ ለተጫዋቹ ደስ ይላል። ግን ያ ሰላምታ በአሥሩም ከተማ አንድ አንድ ጥንድ ይዟል፤ እዚያ ያለ ባለፈቃድ ሚስቱን ከሁለት ኪሎ ሜትር ለመጥራት ሲፈልግ፣ ከሌላ ግዛት የመጣ ወሬ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ደንቡ የጂኤምአርኤስን ንግግር በስልክ መስመርም ሆነ በሌላ ኔትወርክ ማስተላለፍን ይከለክላል፤ ኮሚሽኑም ይህን በግልጽ አስፍሯል። ከዚያ በኋላ ግንኙነታቸውን የቆረጡ አሉ፤ ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው ብለው የሚሟገቱም አሉ። ክርክሩ ላይ ሁለቱም ወገን ራሱን የአገልግሎቱ ጠባቂ አድርጎ ያያል። እኔ ከሚስቱ ጋር ለመገናኘት ተራ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ነኝ፤ አገልግሎቱ የተፈጠረው ለአጭር ርቀት የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ጥንዶቹም ስምንት እንጂ ዘጠኝ አይደሉም። ከአገር አገር ማውራት የሚፈልግ የአማተር ፈተና ተፈትኖ የሚገባበት ሰፊ ሞገድ ሌላ ቦታ አለለት።